ድንኳኑ ኡራኤል ይደር

ዛሬ ካዛንቺስ የምንለውን ሰፈር ጣሊያን ለሹማምንቱ ቤት ሲሠራበት፣ እኔ እዚያው ድንጋይ ተሸካሚ ነበርኩ። ከድንጋይ ይልቅ ወሬ መሸከም ስለሚቀለኝ ፖለቲከኛ ሆንኩ። ማለቴ፣ የእድር ፖለቲከኛ።

የእኛና የኡራኤል ሰፈር እድሮች ተዋሕደው ዝናብ የማያስገባ ትልቅ ድንኳን ሊገዙ አሰቡ። የእኛ እድር ግን በጦርነቱ ጊዜ ለቀብር የተበደረውን ገና አልከፈለም። ኡራኤሎች ሆዳቸውን አስረው የራሳቸውን ዕዳ ከፍለው ጨርሰዋል። እኛ «ዕዳውም የገንዘብ ሣጥኑም የጋራ ይሁን» ስንል፣ እነሱ «የሰፈራችንን ነገር ለእኛ ተዉልን» አሉ።

ያሳደገችኝ አክስቴ ታማ ተኝታለች፣ ክረምቱም ገብቷል። «በሚያፈስ ሸራ ሥር እንዳታስለቅሱብኝ» ብላኛለች። ስለዚህ ክርክሩ ለእኔ የቤቴ ጉዳይ ነበር።

ጣሊያን ስብሰባ ስለማይወድ፣ የሁለቱም እድር ሰዎች ለቅሶ የደረስን መስለን አክስቴ ግቢ እንቀመጥ ነበር። ፖሊስ ብቅ ሲል እኔ ምልክት እሰጣለሁ፣ ሁሉም ያለቅሳል። አንድ ቀን አብዝተን ብንጮኽ ከውስጥ ድምጿ መጣ፦

«ገና ነኝ! ድንኳኑን ሳትገዙ የት ልሂድላችሁ?»

ሚሲዮን ቤት ተምረው ለፈረንጅ ነጋዴ ያስተረጉሙ የነበሩ ጎረቤታችን ሳቁ። «ይህ ጠብ አሜሪካም ነበር» አሉ።

«አሜሪካም እድር አለ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ዝም ብለህ ስማ! እንግሊዝን ወግተው ነጻ ሲወጡ ግዛቶቹ የጦርነት ዕዳ ነበረባቸው። የግምጃ ቤቱ ሹም፣ ዕዳውን ማዕከላዊው መንግሥት ይክፈል፣ የጋራ ባንክም ይቋቋም አለ። ነጋዴና አበዳሪ ደገፈው። ዕዳቸውን አብዛኛውን የከፈሉት የደቡብ ግዛቶች ደግሞ፣ የሰው ዕዳ ምን በወጣን? ባንክ አቋቁም የሚልስ ሕግ የት አለ? የግዛቶቹን ሥልጣን አትንኩ አሉ። በዚህ የተቃቃረው ሰው ነው ኋላ ሁለት ፓርቲ የሆነው።»

«በምን ታረቁ?» አሉ የኡራኤል እድር ዳኛ።

«ዕዳው የጋራ ሆነ፣ ዋና ከተማው ወደ ደቡቦቹ ሄደ። በባንኩ ግን ሲነታረኩ ኖሩ።»

እኔ ብድግ አልኩ። «ዋና ከተማው ይሂድ፣ ድንኳኑ ግን ከእኛ ሰፈር ንቅንቅ አይልም!»

ድንኳኑን እንውሰድ ያለ ሰው አልነበረም። ሐሳቡን የሰጠኋቸው እኔው ነኝ። ዳኛው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉና፣ «ልጁ ብልህ ነው። ዕዳውን አብረን እንክፈል፣ ድንኳኑ ኡራኤል ይደር» አሉ። ከእኔ በቀር ሁሉም ተስማማ። ብቻዬን ፓርቲ ሆኜ ቀረሁ።

ወደ አክስቴ ገብቼ ስከስሳቸው፣ «አንተ ሞኝ» አለችኝ፣ «ድንኳን የትም ይደር። እኔ የምፈልገው ይዞት የሚመጣ ሰው ነው።»

በነሐሴ ዶፍ መሐል ዐረፈች። ኡራኤሎች ያን አዲስ የተገዛ ከባድ ድንኳን በጭቃ ተሸክመው ከሁሉ ቀድመው ደረሱ። ዳኛው ራሳቸው ካስማ መቱ፣ አንዱን ቋሚ ለእኔ ሰጡኝና ቀስ ብለው፣ «ያዝ እንግዲህ፣ ተቃዋሚ» አሉኝ።

ውስጡ ጠብታ አልገባም። ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ በደጅ ብቅ አለ። እንደ ልማዱ ሁሉም ምልክት ፍለጋ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ግን ያን ጊዜ እያለቀስኩ ስለነበር መምጣቱንም አላየሁም።