ማሲንቆ ሲመጣ ድስቱ ይወርዳል

ወረታ ላይ፣ መኪና በሚቆምበት በኩል ካለው ምግብ ቤት አንዲት ወጥ ሠሪ አለች። ስሟን አልጠየቅሁም። ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስሄድና ስመለስ ነው ያየኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታጥቃ ሽንኩርት ስታቁላላ ለማንም ቀና አትልም።

ከግድግዳው ማዶ የሳልህ ሱቅ ነው። ቀትር ላይ ሬዲዮኑ ማሲንቆ ሲጀምር ሳልህ ግድግዳውን በጡጫ እየመታ «እታለም፣ መጣልሽ!» ይላታል። ያን ጊዜ የሽንኩርቱ ጩኸት ድምፁን እንዳይሸፍንባት ድስቱን ታወርዳለች።

«ኧረ ሴትዮ፣ ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ እኮ! በማሲንቆ ልንጠግብ ነው?» አላት አንድ ተሳፋሪ።

«ወጡ ይደርሳል፤ ይኸ ግን አይደገምም» አለችው፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል።

ታናሽ ወንድሟ ማሲንቆውን አንግቶ አዲስ አበባ ከሄደ ሦስት ክረምት ሆኖታል። «በሬዲዮን ትሰሚኛለሽ» ብሏት ነበር አሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ የተጫዋቹ ስም ይነገራል። እስካሁን የሌላ ሰው ስም ነው። ሰምታ ድስቱን መልሳ ትጥዳለች።

ከወንዛዬ ስመለስ የሬዲዮኑ ባትሪ ድንጋይ አልቆ ነበር። ቀትር ሲሆን ድስቱን እንደ ልማዷ አወረደች። ሳልህ እንዳጠፋ ሰው አንገቱን ደፍቶ በሩ ላይ ቆመ።

«እታለም፣ ዛሬ እኮ ዝም ነው።»

«ዝም ያለው ያንተ ሬዲዮን ነው» አለችው። «እሱ ግን ይመታ ይሆናላ።»

አንድ ዘፈን የሚያልቅበትን ያህል ቆመች። ከዚያ አማተበችና ድስቱን ጣደች።