ከዘመመው ግንድ ጀርባ

አማቴ ግቢ ያለው ትልቁ ባሕር ዛፍ ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ ዘምሞ ነበር። ነቀምቴ ውስጥ በሞተር መጋዝ ዛፍ እየቆረጥኩ የምተዳደረው እኔ ስለሆንኩ ሌላ ሰው አልተፈለገም።

የዘመመ ዛፍ ቀጥ ብሎ እንደቆመው አይቆረጥም። በዘመመበት በኩል ግንዱን ፈልቅቀህ ትንሽ አፍ ታወጣለታለህ። ከዚያ የመጋዙን ጫፍ በጎኑ አስገብተህ መሃሉን ትቆርጣለህ፤ ከአፉ አጠገብና ከጀርባው ግን ጥቂት እንጨት ትተዋለህ። የጀርባው እንጨት ዛፉን እንዳይወድቅ አንቆ ይይዘዋል። ሰው ሁሉ ከራቀ በኋላ እሱን በጥሰህ ወደ ጎን ትሸሻለህ። ዝም ብለህ ከጀርባው ከገባህ ግንዱ በቁመቱ ይሰነጠቅና ወደ ኋላ ይራገጣል። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ።

አማቴ በጉልምስናቸው አርጆ አካባቢ በመጥረቢያ ስንቱን ዛፍ ጥለዋል። አፉን አውጥቼ መጋዙን ወደ ጎኑ ሳዞር ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ እያየ፣

«ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ።

«አባ፣ የዘመመ ስለሆነ በመሃሉ ልግባ ብዬ ነው።»

«ሂን ሶዳቲን! አትፍራ ልጄ። እንጨት የሚቆረጠው ከጀርባው ነው።»

ሰው ሳቀ። እሳቸው ከግንዱ ጀርባ መጥተው ቦታውን በከዘራቸው አሳዩኝ፤ እዚያው ቆሙ።

ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቤ አባርረው ነበር፤ አፈ ክፉ መሆኔን ከተማው ያውቃል። ግን የሚስቴን አባት ሰው ፊት እንዴት ላርም? «አባ፣ ትንሽ ራቅ ቢሉ» አልኩ በለሆሳስ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። አልደገምኩትም። አፍሬ፣ ተናድጄም፣ ከጀርባው ገባሁ።

ግንዱ ገና ግማሹ ሳይቆረጥ ጮኸ። መጋዙን ጥዬ ወደ ጎን ዘለልኩ። የተሰነጠቀው እንጨት ተወርውሮ እሳቸውን ደረታቸው ላይ መታቸው። ሆስፒታል ሳንደርስ ባጃጅ ውስጥ ጭኔ ላይ አረፉ።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «ቀናቸው ነው» እያለ አጽናናኝ። በአራተኛው ቀን ባለቤቴ እጄን ይዛ፣

«ዛፉ አንተንም ሊወስድብኝ ነበር» አለች። «በምን ተአምር ዘለልክ? ጌታ ነው የነገረህ።»

«አዎ፣ ጌታ ነው» አልኳት።