ኮዱ የጠራቸው ለቀስተኞች

እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ውስጥ ካርሜ ጋት የሚባለው አዲስ ሰፈር ከገባን ወዲህ ደረጃ መውጣት ቀርቶልኛል። ሊፍት አለን፤ ያውም መስታወት ያለው! ግን የድሮው ሕንፃችን መግቢያ ይናፍቀኛል። የዛጉት የፖስታ ሳጥኖች፣ ከየቤቱ የሚወርደው የወጥ ሽታ፣ ደግሞ ያ ግድግዳ። እዚያ ግድግዳ ላይ የማይለጠፍ ነገር አልነበረም፤ የጠፋች ድመት፣ የሚከራይ ክፍል፣ የሞተ ሰው። እናቴም አንድ ጊዜ ተለጥፋበታለች።

ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ በኢንዱስትሪ ቀጠናው የነበራትን የማሸጊያ ሥራ ትታ፣ ቂርያት ጋት ገበያ አጠገብ የሐበሻ ልብስ ስፌት ከፈተች። ሱቋ ጠባብ ናት፤ ማሽኗና እኛ ከገባን ደንበኛ ውጭ ይቆማል። ደንበኛ ግን የት አለ? ብቅ የሚለው ሁሉ መንገድ ጠያቂ ነበር። እናቴም "እስከ ስግድ አያለሁ" አለች። "ለበዓሉ ነጭ ቀሚስ የሚያሰፋ ካልመጣ ወደ ሌሊት ፈረቃዬ እመለሳለሁ።" የሌሊት ፈረቃ ማለት እሷ ስትገባ እኔ የምወጣበት፣ በር ላይ ተሳስመን የምንለያይበት ኑሮ ነው። እሱን ኑሮ ፈጽሞ አልፈለግኩትም።

በዚያ ዓመት እኔና ጓደኞቼ ኪውአር ኮድ፣ ያን በስልክ የሚቃኝ ጥቁርና ነጭ ካሬ፣ ካየን አናልፍም። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ፣ ቺፕስ ከረጢት ላይ፣ ሻምፑ ጠርሙስ ላይ፣ ስልካችንን ደግነን "ጢጥ!" ሲል እንስቃለን። የሚከፈተው አብዛኛውን ጊዜ አሰልቺ ማስታወቂያ ነው፤ ደስታው መክፈቱ ላይ ነበር። ታዲያ እናቴስ ለምን ኮድ አይኖራትም?

ቀሚስ ስትጠልፍ በስልኬ ቀረጽኳት፤ ኢንተርኔት ላይ ጫንኩና ኮድ አወጣሁለት። ሳሳያት መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየችው።

"ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ጥልፍ ነው? ግራና ቀኙ እንኳ አይገጥምም።"

"ጥልፍ አይደለም እማዬ። ስልክ ሲያየው አንቺ ትወጫለሽ።"

"እኔ? ከዚህ ውስጥ? ጉድ በል ጎንደር!"

በትምህርት ቤት አተምኩት። ማተሚያው ባለ ቀለም ስላልነበረ ፎቶዋ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ወጣ። ከላይ ፎቶዋ፣ ከሥሩ ኮዱ፣ በዕብራይስጥ "ቃኙና እዩን" የሚል ጽሑፍ፣ ዙሪያውን ደግሞ እንዲያምር ወፍራም ጥቁር መስመር። በሰፈሩ ሕንፃዎች መግቢያ ሁሉ ለጠፍኩት። ኩራቴ አይነገርም!

በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ነበርን። እናቴ ስፒል በከንፈሯ ይዛ ጨርቅ ታስተካክላለች። ድንገት ከመንገዱ ጩኸት መጣ።

"ወይኔ ልጄን! ወይኔ ባለሙያዋን!"

ከላያችን ፎቅ የሚኖሩት አሮጊት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከፊት፣ ሴቶችና ሽማግሌዎች ከኋላ። ዳቦ የያዘም ነበር።

እናቴ የተዘቀዘቀውን ነጠላ ስታይ ምንም አልጠየቀችም። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይለቀሳል፤ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። ስፒሉን ተፋች፣ ነጠላዋን ገለበጠችና "ወይኔ! ወይኔ!" እያለች ወጥታ አሮጊቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም ምኑም ሳይገባኝ አለቀስኩ።

በመጨረሻ እናቴ እንባዋን እየጠረገች፣ "እትዬ፣ ማን ነው የሞተብን?" አለች።

"አንቺ ነሻ!" አሉ፣ ልቅሷቸውን ሳያቋርጡ። ከዚያ ቀና ብለው አዩዋት። "አንቺ... ማን ነሽ?"

እዚህ አገር ግድግዳ ላይ በጥቁር የተከበበ ወረቀት የሞት ማስታወቂያ ነው። ለቀስተኞቹ ዕብራይስጡን አያነቡም፤ ፎቶዋን አዩ፣ ጥቁሩን አዩ፣ በቃ። ቤታችንን አንኳኩተው ሰው ሲያጡ ወደ ሱቁ መጡ።

እልልታው ከለቅሶው በለጠ። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን ልጠው ይዘውት ኖሮ፣ "ታዲያ ይኼ ዝንጉርጉር ነገር ምንድን ነው?" አሉኝ። ስልኬን ደገንኩ። ጢጥ! እናቴ እየጠለፈች ብቅ አለች።

"ኧረ ይቺ ልጅ! እናቷን ገድላ አስነሳቻት!"

ለቀስተኛ እንደመጣ አይመለስም። ወንበር ከየጎረቤቱ ሱቅ መጣ፤ ዳቦው ተቆረሰ። ሲጫወቱ ሲጫወቱ የሴቶቹ እጅ ወደተሰቀሉት ቀሚሶች ሄደ።

"ይኼን ጥልፍ ማን ሠራው?"

"ሟቿ!"

ሳቁ ገበያው ድረስ ተሰማ። አሮጊቷ ጎረቤታችን ብድግ ብለው ክንዳቸውን ዘረጉ። "በይ ለኪኝ፤ ለስግድ ይድረስልኝ። ያን ሁሉ እንባ በከንቱ አላፈሰስኩም።" ከእሳቸው ቀጥሎ ሌላዋ ተነሣች፤ ከሌላዋ ቀጥሎ ሌላ።

እናቴ ወደ ፈረቃው አልተመለሰችም። ኮዱን ግን ከእኔና ከጓደኞቼ በቀር የቃኘው የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ሳምንት ወደ ድሮው ሕንፃ ጎራ ብዬ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የቀረው የፕላስተሩ ምልክት ብቻ ነው። በአዲሱ ሕንፃችን ደግሞ መለጠፍ ክልክል ነው።

ሽማግሌዎቹ ግን ዛሬም በሱቁ ሲያልፉ በሩ ላይ ቆም ይላሉ።

"ሟቿ፣ እንዴት ዋልሽ?"

እናቴም ስፒሉን ከከንፈሯ ሳታወጣ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ" ትላቸዋለች።