ሬንጅ የነካው አግዳሚ

ባለፈው እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ስብሰባ ጠሩ። ጉዳዩ ወንበር ነው። የእንጨት አግዳሚዎቹ አርጅተዋልና ይውጡ፣ በምትካቸው የፕላስቲክ ወንበር ይግባ ተባለ። አንድ ወጣት ከኋላ ያለውን አግዳሚ በእግሩ ነካ አድርጎ፣ «ይሄማ ሬንጅ ነክቶታል፤ ማገዶ ይሁን» አለ። ያቺን «ማገዶ» የምትል ቃል ከዚህ በፊት ሰምቻታለሁ። ለመናገር እጄን እንኳ ሳላወጣ ሄጄ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩበት።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ዳና እዚሁ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ዓሣ ያሰግር ነበር። እኛን ልጆቹን ሁሉ ያሳደገች ትንሽ የእንጨት ጀልባ ነበረችው። ክንዱ ተሰብሮ አልጠገን ካለ ወዲህ ቀዛፊዋ እኔ ሆንኩ፤ ለአቅመ ሔዋን የደረስኩ ኮረዳ ነበርኩ። ጎህ ሲቀድ መረቡን ስንስብ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ በጭጋጉ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል። ስንመለስ እናቴ በቃሪያ የሚለበልብ የዓሣ ሾርባ ይዛ ትጠብቀናለች። ፒያሳ ባሉት ሆቴሎች ሁሉ ፈልጌ ያንን የሚያህል አላገኘሁም።

አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ የጀልባዋ ወለል በሰበሰ። አንደኛው ጣውላ በጣት ሲነካ ይፈረፈር ጀመር። ይህን የሰማው የአስጋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር እቤታችን ድረስ መጣ። ካድሬ ነው፤ ጓዳ ውስጥ ሲያወራም ስብሰባ የሚመራ ይመስላል።

«ጓድ ዳና፣ ማኅበሩ አዲስ የብረት ጀልባ አግኝቷል። ይህቺን ያስረክቡና ማገዶ ትሁን።»

«አዲሱን ማን ይቀዝፋል?» አልኩት።

«ማኅበሩ የመደበው ሰው። አንቺ ዳር ላይ ዓሣ ታጸጃለሽ። ጀልባ ላይ ሴት አንመድብም።»

ደሜ ፈላ። ጀልባዋ ከሄደች የቤታችን እንጀራም፣ የእኔም ሐይቅ አብረው መሄዳቸው ነው። አባቴ ግን ሊያስረክብ ዳድቶት ነበር። «ልጄ፣ ብንጠግናትስ ጣውላ ከየት ይመጣል?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያኔ ጣውላ በማኅበር በኩል ካልሆነ አይገኝም።

እኔ ግን የት እንዳለ አውቅ ነበር። መንግሥት ጸሎት ቤታችንን፣ የዛሬውን ቤተ ክርስቲያን፣ ሊያሽግ ሲል ምእመናኑ አግዳሚዎቹን ተከፋፍለው በየቤታቸው ደብቀዋቸው ነበር። የእኛ ድርሻ የወላጆቼ አልጋ ሥር ነበር፤ ደንበኛ የዋንዛ እንጨት።

«አባዬ፣ አልጋ ሥር አለልህ።»

ደነገጠ። «አደራ እኮ ነው!»

«ጸሎት ቤቱ ሲከፈት እመልሰዋለሁ።»

ብዙ ካሰበ በኋላ፣ «እንደምትመልሺው በእግዚአብሔር ፊት ተናገሪ» አለኝ። ተናገርኩ። የአግዳሚውን መቀመጫ ጣውላ ነቅለን፣ ሳንቆርጥ ርዝመቱን እንዳለ ከወለሉ ጋር አስማማነው፤ ክፍተቱን በአሮጌ ጋቢ ክርና በሬንጅ ደፈንነው።

የመጨረሻውን ምስማር ስንመታ ሊቀመንበሩ ደረሰ። ብዙ ሰው ተቀምጦበት የለሰለሰ ጣውላ መሆኑ ያስታውቃል። «ይሄ ከየት መጣ?» አለ። እኔ ውሸት ስፈልግ አባቴ ቀደመኝ።

«የጸሎት ቤታችን ነው። ሲከፈት ይመለሳል።»

«ይከፈታል ያለዎት ማነው?»

«ይከፈታል!» አለ አባቴ፣ በደህናው እጁ የያዘውን መዶሻ ሳያስቀምጥ።

ለዚያች ቃል ቀበሌ ታስሮ ሰነበተ። ማኅበሩ የላካቸው ሰዎች ጀልባዋን ሊወስዱ ሲመጡ ደግሞ ድንጋይ ሞልቼ ቄጤማው ሥር አስጥሜያት ነበር፤ አዲስ የተጠገነ እንጨት ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ ክፍተቱ አይዘጋም። «ያቻትና፣ አውጥታችሁ ውሰዷት» አልኳቸው። ማን ውሃ ገብቶ ያን ሁሉ ድንጋይ ይሸከም! እያጉረመረሙ ሄዱ። ስታብጥልኝ ድንጋዩን አውጥቼ በጠራራ ፀሐይ፣ ሆን ብዬ በማኅበሩ ፊት ለፊት ቀዘፍኩ፤ ሰው ሁሉ እያየ ሊቀማኝ የደፈረ የለም። ማኅበሩ ዓሣዬን አልገዛም ሲል እናቴ አዲስ ከተማ ሰፈር በር ለበር እየዞረች ሸጠችው። ለአባቴ የምንወስደው ስንቅም ከዚያው ዓሣ ነበር።

ዘመኑ ሲለወጥ ጸሎት ቤቱ ተከፈተ፤ አባቴም ለዚያ ቀን በቃ። ጣውላውን ከጀልባዋ ነቅለን ወደ አግዳሚው መለስነው። ሬንጁን ብንፍቀው፣ ብናጥበው አልለቅ አለ። ጀልባዋ በዚያው አበቃላት። አለቀስኩላት፤ አልተጸጸትኩም።

ባለፈው እሑድ ያ ወጣት፣ «እማማ፣ ይነሱልን እንጂ፤ ልናወጣው እኮ ነው» አለኝ።

«ከቻልክ ከነእኔ አውጣው» አልኩት።

ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ስብሰባው ለዛሬ ተቀጥሯል፤ እኔም ማንም ሳይቀድመኝ መጥቼ ቦታዬን ይዣለሁ።