ደወሏ ዝም ያለችበት ሳምንት

ሰፈራችን ውስጥ የእጅ ሰዓት የሚያስር ሰው ለጌጥ ነው። ከአጥሩ ማዶ ሁለተኛ ክፍል የምታስተምረው ጎረቤቴ «ቁጭ በሉ!» ስትል ጠዋት ሆነ ማለት ነው፤ «ደብተር ዝጉ!» ስትል ደግሞ ድስት የጣደ ሁሉ ድስቱን ያወርዳል። የትምህርት ቤቱ ብረት ደወል ከተሰነጠቀ ቆይቷል። ማንም ላስጠግነው ብሎ ያልተጨነቀው በእሷ ተማምኖ ነው። ስለዚህ እሷን ራሷን ደወል አልናት። ፊት ለፊት ብንጠራትም አትቆጣም። ብትቆጣማ አገር ይሰማ ነበር።

በእኔ ልብስ ስፌት ሱቅና በእሷ ክፍል መካከል ያለችው አንዲት ዝቅ ያለች አጥር ናት። የስፌት መኪናዬን መስኮቱ ሥር ያስቀመጥኩት ለብርሃን ነው ብዬ ለባሌ ነግሬዋለሁ፤ እሱም ያመነኝ መስሏል። ግድግዳ ጆሮ አለው ይባላል፣ የእኔ ግድግዳ ግን ዓይንም አለው። መስኮቱ ያመለጠውን ደግሞ የእህቴ ልጅ ታሟላልኛለች። እዚያው ክፍል ትማራለች፤ ከነቃች እስክትተኛ ስለማትዘጋ ራዲዮ እንላታለን። በማን እንደወጣች አትጠይቁኝ።

የደወል ድምፅ መጀመሪያ ሻከረ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ በመጨረሻ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ ማለት ጀመረ። ሰፈሩም ሥራውን ሠራ። አንዷ «ስእለት ገብታ ነው» አለች። ዳቦ ጋጋሪው «ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ ነግሬያት ነበር» አለ፤ ምንም አልነገራትም። የጉሮሮ ሐኪሙ ግን ግንባሩ ላይ አምፖል አስሮ ካያት በኋላ እንዲህ አላት፦

«የድምፅሽ አውታር ላይ እባጭ አለ። ይህን ሳምንት ትንፍሽ እንዳትዪ። ሹክሹክታም አይቻልም፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል። እምቢ ካልሽ ድምፅ የሚባል ነገር እርሺው።»

ይህን ይዛ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ገባች። ርዕሰ መምህሯ ቁጡ አይደለችም፤ ቁጡ ብትሆን ይሻል ነበር። የምትናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ ችግሩም እሱ ነው።

«እረፍት ይውሰዱ» አለቻት። «ልጆቹን ለሁለቱ ክፍሎች እናከፋፍላቸዋለን። እርስዎም ሲሻልዎት ዕቃ ግምጃ ቤት ይረዱናል።»

ዕቃ ግምጃ ቤት ማለት ጠመኔ ማደልና የተሰበረ ወንበር መጠበቅ ነው። የተበተነ ክፍል ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም። ደወል ልጆች አልወለደችም፤ ያላት ያ ክፍል ነው። ጠረጴዛው ላይ ያገኘችውን ወረቀት ሳብ አድርጋ «እስከ ዓርብ ይስጡኝ» ብላ ጻፈች።

«ያለ ድምፅ? ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!» አለች ርዕሰ መምህሯ። ከዚያ ፊቷን አየቻትና ለስለስ አለች። «ይሁን። ዓርብ መጥቼ ልጆቹ ሲያነቡ እሰማለሁ። ካነበቡ ክፍሉ የእርስዎ ነው። ካላነበቡ ግን እኔም የበላዮቼ ፊት እቀርባለሁ፣ ይረዱኝ።»

ሰኞ ሰሌዳው ላይ «ድምፄ ታሟል። እስኪድን ዝም እላለሁ» ብላ ጻፈች። ራዲዮ ጮክ ብላ አነበበችውና ወዲያው ትርጉም ጨመረችበት፦ «ቲቸር አኩርፋናለች!» ሁለት ሴቶች ልጆች አለቀሱ። ሌሎቹ መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ የሚጮኽባቸው እንደሌለ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን ባልነግራችሁ ይሻላል። ላስቲክ ኳስ አጥሬን ተሻግሮ ጨርቄ ላይ አረፈ። በመስኮቱ ሳይ ደወል አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ልክ ከውሃ እንደወጣ ዓሣ። ልጆቹ ሲወጡ ጉሮሮዋን በእጇ ይዛ ብቻዋን ተቀመጠች። እኔ እንኳ የምቀልደው ጠፋኝ።

ማክሰኞ ዘዴ ይዛ መጣች። ጆሮ መያዝ ስሙ ማለት ሆነ፤ እጅ ራስ ላይ ማድረግ ተነሱ ማለት ሆነ፤ ክንድ ከፍ አድርጎ ማዞር ደግሞ ሁላችሁም በአንድነት። አፍንጫ መያዝ ሽንት ቤት ፍቀዱልኝ ማለት ነው፤ ይህኛውን እሷ አልፈጠረችውም። ልጆች ሚስጥር ይወዳሉ። ምልክቱን ላለማሳለፍ ሲሉ ዓይናቸውን ከእሷ ላይ መንቀል አቃታቸው፤ ዓይን ሲሠራ አፍ ያርፋል። ማታ ራዲዮ እራት ላይ ጆሮዋን ይዛ ተቀመጠች። እህቴ «ምን ሆነሻል፣ ጆሮሽን አመመሽ?» ብትላት «ዝም በዪና ስሚ ማለት ነው፣ እማዬ» አለቻት። ያቺ እናት ያን ቀን ልጇን ልትመታ ነበር።

በዚያው ቀን ሰሌዳው ላይ «ግቢውን ለኩ» ብላ ጻፈችና ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። በፊት ቢሆን «በዚህ ጀምሩ! በዚያ ዙሩ!» እያለች እሷው ትለካው ነበር። አሁን ልጆቹ በእርምጃ ለኩ፤ የአንዱ ከአንዱ አልገጥም አለ።

«ያንተ እርምጃ የግመል ነው!»

«ያንቺስ? የጉንዳን!»

ተጨቃጨቁ፣ ተገፋፉ፣ ወደ ደረጃው ዞረው አዩ። ደወል ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ዝም። በመጨረሻ ራዲዮ የአንዱን ልጅ ጫማ አስወለቀችና ግቢው በሙሉ በዚያች በአንዲት ጫማ ተለካ። ባለ ጫማው እስኪጨርሱ ድረስ በአንድ እግሩ እንደ ሽመላ ቆመ። ደወል ያለ ድምፅ ስትስቅ ትከሻዋ ይነቀነቅ ነበር። እኔ ስንት ዓመት ስትናገር ሰምቻታለሁ፣ ስትስቅ ያየኋት ግን ያን ቀን ይመስለኛል።

ረቡዕ ንባብ ነበር፤ ነገሩም የተገለበጠው ረቡዕ ነው።

ንባብ እንዴት እንደምንማር ታውቃላችሁ። መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይከተላል። እኔም እንዲሁ ተምሬ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ መጽሐፉ ቢጠፋብኝ ልዩነቱ አልታወቀኝም ነበር። በደወል ክፍል ይህን መከተል የሚመራው ማጉያ የምንለው ልጅ ነው። አባቱ የአውቶቡስ ረዳት ነው፤ ድምፁን ከሱ ወርሷል። ደወል አንድ ቃል ስትጥል ቀድሞ የሚያነሳው እሱ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ከሱ ኋላ ይጎተታል። ባለፈው መንፈቅ በንባብ አንደኛ አድርጋዋለች። እናቱ ልብስ ልታስጠብብ ስትመጣ «የኔ ልጅ እኮ መጽሐፍ ሳይከፍት ያነባል!» ትለኝ ነበር። ምን ያህል እውነቷን እንደሆነ እሷም አላወቀች፣ እኔም አላወቅኩ።

መጀመሪያ የድመቷንና የዝናቡን ምንባብ ከፈቱ። ደወል ክንዷን አዞረች፤ ማጉያ ጀመረ፤ ክፍሉ ተከተለ። እንከን የማይወጣለት ንባብ! እኔም ከመስኮቴ ሥር አብሬ አልኩት፣ ለስንት ዓመት ስሰማው በቃሌ ይዤዋለሁ። ከዚያ ገጹን ገለጠች። ገና ያልተማሩት ምንባብ ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር ሰሌዳው ላይ ጻፈች። ዱላዋን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳረፈች፣ ክንዷንም አዞረች።

ጸጥ።

ማጉያ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ዓይኑ ግን ሰሌዳው ላይ አልነበረም። የእሷ ከንፈር ላይ ነበር።

አንድ በአንድ አስነሳቻቸው። አንዳንዱ ያነባል፣ አንዳንዱ እየተደናቀፈ ይደርሳል። ራዲዮ አነበበች፤ ከራሷም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጨመረችበት። ማጉያ ተራው ሲደርስ መጽሐፉን ያዘ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያም ያን የመሰለ ልጅ ድምፅ አጣ። «እ…» አለ። አንዱ ከኋላ «ማጉያው ተቃጠለ!» ብሎ ሳቀ። ደወል ጆሮዋን ያዘች፤ ሳቁ ተቆረጠ። እሷ ግን ወንበሯ ላይ ስትቀመጥ የታመመው ጉሮሮዋ ብቻ አይመስልም ነበር።

ሐሙስ ልጆቹ ሲወጡ ማጉያን አስቀረችው። ራዲዮም ሳትጠራ ቀረች። እስቲ አስቡት፤ ፊደልን ያለ ድምፅ እንዴት ያስተምሩታል? ደወል ጣቷን ፊደሉ ላይ ታሳርፋለች፤ ልጁ ይገምታል። ከሳተ ራሷን ትነቀንቃለች፤ ካገኘው ዓይኗን ጨፈን ታደርግለታለች። እሱ ቀና ብሎ ከንፈሯን ሲያይ መዳፏን አፏ ላይ ትጭናለች። የሚከተለው ድምፅ የለም፤ ያለው ጣት ብቻ ነው። ራዲዮ መልሱን ልትናገር አምስቴም አስሬም ተነሳች፣ በመጨረሻ ደወል የራዲዮን ሁለት ከንፈሮች በራሷ በራዲዮ ጣቶች አስያዘቻት። እንደዚያ ሆና ቆየች። ለኔ የዚያ ሳምንት ትልቁ ተአምር ይህ ነው፣ ሌላው ትርፍ ነው።

«ደ… መ… ና» አለ ማጉያ፣ ከብዙ ላብ በኋላ። ከዚያ ለራሱ፣ በቀስታ፣ «ደመና!» አለ፤ መስኮቱን ቀና ብሎ አየ፣ እውነት እዚያ እንዳለ ለማረጋገጥ ይመስል።

ከሥራ በኋላ ደወል ሱቄ ገባች። የልብስ ጠመኔዬን አንስታ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ «ነገስ?» ብላ ጻፈች።

እኔ ምክር ሲጠየቅ የማንገራግር ሰው ነኝ። «ነገማ ምን አለው?» አልኳት። «ክንድሽን አዙሪ፣ የድመቷን ምንባብ ይበሉላት። ማጉያ ይመራል፣ ሌላው ይከተላል፣ አንቺም ክፍልሽን ትይዣለሽ። ከመንጋ መካከል የማይጮኸውን በግ ማን ይለየዋል እቴ?»

«እኔ» ብላ ጻፈች።

«አንቺማ ካሁን በፊትም ነበርሽ። መች ለየሽው?»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ቃሉን ልመልሰው ብፈልግም መመለሻ የለውም። ደወል የጻፈችውን በመዳፏ ጠረገችና፣ መዳፏ ነጭ እንደሆነ፣ ወጣች።

ዓርብ ርዕሰ መምህሯ መጥታ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እኔ መርፌዬ ላይ ክር እያስገባሁ ነበር፤ ጠዋቱን ሙሉ አልገባልኝም። ልጆቹ በምልክት ሲነሱ፣ ሲቀመጡ፣ አንዱ አፍንጫውን ይዞ ሲፈቀድለት ርዕሰ መምህሯ ቅንድቧ ከፍ ዝቅ ይላል። ራዲዮ ያነበበችው ጥሩ ነበር። ሌላም ልጅ ተነስቶ አነበበ። ከዚያ ርዕሰ መምህሯ «አንደኛ የወጣው ልጅ የታለ?» አለች። «እሱ ያንብብልኝ። ያልተማራችሁትን።»

ማጉያ ተነሳ። ገጹን ገለጠ።

ቀና ብሎ ደወልን አየ። ክፍሉ በሙሉ አያት። የእጇን መነሳት ነው የሚጠብቁት፤ ክንዷ ብትዞር ሁሉም ተንጋግተው ገብተው ይሸፍኑታል፣ ልጆች እንዲህ ናቸው። እጇ ከጎኗ ተነሳ። እኔ በሆዴ «አዙሪው፣ አዙሪው!» እላለሁ። እጇ ደረቷ ጋ ደረሰ፣ ከዚያም ወደ አፏ ሄደ፤ መዳፏን ከንፈሯ ላይ ጫነች።

ማጉያ ወደ መጽሐፉ ጎንበስ አለ።

«ዝ… ና… ዝና…» ቆመ። ጣቱን ወደ ኋላ መለሰ። «ዝናብ» አለ። ከዚያ ሌላ ቃል። በአንዱ ቃልና በሌላው መካከል ድስት ተጥዶ ይፈላል፣ ይወርዳልም። ራዲዮ ከንፈሮቿን በጣቶቿ ይዛ ፊቷ ቀልቷል። አንዱን መስመር ጨረሰና ግንባሩን በክንዱ ጠረገ።

ርዕሰ መምህሯ ወደ ደወል ዞረች። «ይህ ነው አንደኛው?»

ደወል ሰሌዳው ላይ ጻፈች፦ «ትናንት ማንበብ ጀመረ። ከዚያ በፊት የሚያነበው እኔን ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ርዕሰ መምህሯ ቆማ አነበበችው፣ ሁለት ጊዜ ሳይሆን አይቀርም። ልክ በዚያን ጊዜ ከጎረቤት ክፍል የዜማ ንባብ ተነሳ፤ የድመቷና የዝናቡ ምንባብ ነው፤ ያማረ፣ የተስተካከለ፣ አንዱ ድምፅ ከሌላው የማይለይበት። ርዕሰ መምህሯ ጆሮዋን ወደዚያ ጣለች፤ ፊቷም ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«እዚያ ማን እንደሚያነብ በምን አውቃለሁ?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ለደወል፦ «ልጆቹ እርስዎ ጋ ይቆዩ። ክፍሉን የሚበትነውን ወረቀት እቀድደዋለሁ፣ አንደኛነቱን ግን ያነሱለታል። ለእናቱ የሚነግሩትም እርስዎ ነዎት።» ደወል ራሷን ነቀነቀች። ርዕሰ መምህሯ ወጣች፤ ወደ ቢሮዋ ግን አልሄደችም። የጎረቤቱን ክፍል በር አንኳኳች።

ለእናቱ ነገሩን የነገረችው ድምፅዋ ሲመለስ ነው። እናቲቱ መጀመሪያ አኮረፈች፣ ሰፈሩንም አስኮረፈች፤ ኋላ ላይ ልጇ የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ ያለውን ሲያነብላት ታረቀች። የደወል ድምፅ እንደ ድሮው አልሆነም። አሁን የሚሰማው ክፍሏ ውስጥ ላለ ብቻ ነው። ሰፈራችን ሰዓት መግዛት ጀመረ፤ ድስት ያረረበት ሁሉ ይራገማታል። እኔም መስኮቴ ሥር ተቀምጬ የማገኘው ወሬ ቀነሰ።

ሰሞኑን ማጉያ ከትምህርት ሲመለስ ሱቄ በር ላይ ቆመ። የበሩን ጽሑፍ እያየ «ዚ…» አለ። «ዚፕ… እን… እን…»

ዚፕ እንቀይራለን ነው። ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። እኔ በሕይወቴ የሰው ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስለት ያለፍኩበትን ቀን አላስታውስም። ራዲዮ ከጎኔ ቆማ አየችኝ፣ ከዚያ የራሴን እጅ አንስታ የራሴን ከንፈር አስያዘችኝ።

ደንበኛዬ ቀሚሷን ይዛ ትጠብቃለች። «እን… ቀ…» አለ ልጁ። ሁላችንም ጠበቅን።