አማቴና የቤዝመንቱ ባቡር

ወገቤ የተጎዳው ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ነው። ከባድ ነገር ሳነሳ ቢሆን ኖሮ ለሰው ለመንገርም ይቀል ነበር። ዕቃ የሚደረደርበት ባዶ ፓሌት ነው። ትሬለሩ አፍ ላይ ተጋድሞ መንገድ ዘግቶብኝ ገፋ ላድርገው ብዬ ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ ቀና ማለት አልቻልኩም። አሥራ አራት ዓመት ዌርሃውስ ውስጥ ስሸከም ኖሬ ባዶ እንጨት ጣለኝ።

ቤታችን ኮርነርስቶን የሚባል ሰፈር ነው። ባለቤቴ ሆስፒታል ስለምትሠራ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትወጣለች። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ እሷም ቁርሷን በእጇ ይዛ ትከተላታለች። ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የምንቀረው እኔና አማቴ ነን።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ነው ከአዲስ አበባ የመጡት፤ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። መኝታቸው ከምድር በታች ያለው ቤዝመንት ነው። ከእሳቸው ጋር ጠብ የለንም፤ ወሬም የለንም። ከሠርጋችን ቀን ጀምሮ አንቱ ነው የሚሉኝ። እናታቸውም አማቾቻቸውን አንቱ ይሉ ነበር አሉ። እኔም አንቱ እላቸዋለሁ። ሰው በዓመት ሁለቴ ሲገናኝ ይሄ ጥሩ ልማድ ነው። ቀኑን ሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ሲውል ግን ያደክማል። ረፋዱ ላይ ሻይ ሊያፈሉ ወደ ላይ ሲወጡ፣ እኔ ሶፋው ላይ ከተጋደምኩበት ለመነሳት እታገላለሁ። "አይነሱ፣ በሞቴ!" ይላሉ። "በሞቴ" እስኪሉ ድረስ እኔ ተነስቼ፣ ወገቤን ይዤ፣ ላብ አጥምቆኛል። በኋላ እንደነገሩኝ ከሆነ እኔ መኝታ ቤት እስክገባ ድረስ ደረጃው ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። እኔ እንዳልነሳ ብለው ሻያቸውን ጾሙት ማለት ነው።

ማክሰኞ ማክሰኞ ጉዳቴን የምትከታተለው የኢንሹራንሱ ሴትዮ ትደውላለች። "ከአንድ እስከ አሥር ሕመምህ ስንት ነው?" ትለኛለች። ስድስት እላለሁ። በሳምንቱም ስድስት። ሕመሙ ሳይሆን ስድስት ማለቱ ሰለቸኝ። ወገቤን የምታክመው ፊዚዮ ደግሞ ከሩብ ሰዓት በላይ እንዳልቀመጥ፣ ቀኑን ሙሉም እንዳልተኛ ነገረችኝ። "ቆመህ፣ ወገብህ ድረስ በሚደርስ ጠረጴዛ ላይ፣ እጅህን የሚያሠራ ነገር ፈልግ" አለች።

"ምን ዓይነት ነገር?"

"የምትወደውን።"

መኪና ውስጥ እስክገባ ድረስ የምወደውን ነገር አሰብኩ። አንድም አልመጣልኝም።

ባቡሩን ያገኘችው ልጄ ናት። አንድ ቀን ስልኳን እያየች፣ "ዳድ፣ ኤሪን ውድስ ሰፈር አንድ ኦልድ ማን አለ፤ ሞዴል ትሬን ፍሪ ነው የሚሰጠው። ቤቱን እየሸጠ ነው፣ ሶ ቤዝመንቱን ክሊር ማድረግ አለበት። ሄጄ ፒክአፕ ላድርግልህ?" አለችኝ።

የመጫወቻ ባቡር ወድጄ አይደለም። አልፈልግም ለማለት ብዙ ማስረዳት ስለሚጠይቅ እሺ አልኳት።

ካርቶኑ ውስጥ ቁርጥራጭ ሐዲድ፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚረዝም ባቡሩን የሚጎትት አንድ ሞተር፣ አምስት ፉርጎና አንድ ማዞሪያ ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ነበር። ቤዝመንቱ ሲሠራ የተረፈ በር ነበረንና በእንጨት እግሮች ላይ አጋደምነው። ጎንበስ እንዳልል እምብርቴ ድረስ እንዲደርስ አደረግነው። ላዩ ላይ ለግድግዳ የሚሆነውን ሮዝ ፎም አጣበቅኩበት። የሚበቃው ቦታ ግን የአማቴ መኝታ ቤት በር ፊት ለፊት ብቻ ነበር።

"እዚህ ባደርገው ይረብሽዎታል?" አልኳቸው።

"ቤትዎ አይደል?" አሉ።

ይረብሸኛል ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። ቢሆንም አደረግኩት።

ሐዲዱን መዘርጋት ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሩብ ሰዓት እቆማለሁ፣ ከዚያ ያነጠፍኩት ምንጣፍ ላይ ተንጋልዬ ጣሪያ አያለሁ። ሲያልቅ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኖ በሩን ዳር ዳሩን ዞረው። ሞተሩን አስቀምጬ ማዞሪያውን ከፈትኩ። ሄደ። ግማሹን ዞረና በወዲያኛው ጫፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። በጣቴ ገፋሁት፤ ትንሽ ሄዶ እንደገና ቆመ። ስለዚህ ሥራ ኢንተርኔት ላይ የሚያስተምር አንድ ሰውዬ አዳመጥኩ። ኤሌክትሪኩ በየመጋጠሚያው እያለፈ ስለሚደክም ጫፍ ላይ አይደርስም። መፍትሔው ሐዲዱ ላይ በየቦታው ቀጭን ሽቦ በይዶ፣ ሽቦውን በቀዳዳ ወደ ታች አውርዶ፣ ከጠረጴዛው ሥር ከሚያልፉ ሁለት ዋና ሽቦዎች ጋር ማገናኘት ነው።

ከላይ ያለውን ጨረስኩ። የቀረው ከሥር ያለው ነበር።

ቀስ ብዬ በጎኔ ገባሁ። ገብቼ በጀርባዬ ልገለበጥ ስል ወገቤ ቆለፈ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የበሩን ሆድ እያየሁ ተኝቼ ሳለሁ የአማቴ ክፍል ተከፈተ። ከተኛሁበት የሚታየኝ ነጠላ ጫማቸውና የቀሚሳቸው ጫፍ ብቻ ነው።

"ምን ሆነው ነው?"

"ደህና ነኝ።"

"ወድቀው ነው?"

"አይ፣ ገብቼ ነው።"

ነጠላ ጫማቸው ቀረበ። "መውጣት አቃተዎት?"

"ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው።"

ትራስ አምጥተው ከራሴ ሥር አስገቡልኝና ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚህ በር ሥር ምን ሊያደርጉ ገቡ ሲሉኝ ነገርኳቸው። ሌላ የምናወራው ስላልነበረ ይመስለኛል በዝርዝር የነገርኳቸው።

"ሽቦ ነው?" አሉ።

"አዎ፣ ሽቦ ነው።"

"ስንት ጥንድ?"

ይቺን ጥያቄ ስሰማ አንገቴን ቀና አደረግኩ። አማቴ የስልክ ቤት ጡረተኛ እንደሆኑ አውቃለሁ። መስኮት ጋ ተቀምጠው ደረሰኝ የሚቆርጡ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ከጀርባ ነበር የሠሩት፤ ከየሰፈሩ የሚመጣው ሽቦ ሁሉ ግድግዳ ላይ ተለይቶ የሚታሰርበት ክፍል ውስጥ። የማን ስልክ በየትኛው ጥንድ እንደሚያልፍ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ልጃቸውን አግብቼ ሃያ ሁለት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም።

በማግስቱ ሻሻቸውን አጥብቀው አስረው፣ መነጽራቸውን በክር አንጠልጥለው፣ ብርድ ልብስ አጥፈው መጡ።

"ይሄማ አይሆንም" አልኩ። "ነውር ነው።"

"ነውሩ እርስዎ ትናንት እዚያ ተጋድመው መዋልዎ ነው" ብለው ገቡ።

እንዲህ ነው የጀመርነው። እኔ ከላይ ቆሜ ሽቦ በቀዳዳ አወርዳለሁ፤ እሳቸው ከሥር ይቀበሉኛል። በየሽቦው ላይ ወረቀት እያጣበቁ ቁጥር ይጽፉበታል። እኔ ሽቦውን በጥርሴ ስልጥ ሰምተው "በጥርስ አይላጥም፣ ምላጭ ይፈልጉ" አሉኝ። ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ ንግግሩ ያደክም ነበር። "እባክዎ ቀዩን ይልቀቁልኝ።" "ለቅቄልዎታለሁ።" "ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ።" አንዲት ሽቦ ለማውረድ የሠርግ ሽምግልና ያህል ቃል እናወጣለን።

በአራተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ዞር ስል ክርኔ የመበየጃውን ብረት ነካው። የጋለ ነበር። ተንከባልሎ ከጠረጴዛው ወደቀ።

"አንተ! ልታቃጥለኝ ነው እንዴ?"

ብረቱ ከብርድ ልብሱ ጫፍ ስንዝር ያህል ርቆ ሲሚንቶው ላይ ይጨሳል። በስንት መከራ እየተሳብኩ ሶኬቱን ነቀልኩት።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኩ።

አማቴ ከሥር ሆነው፣ "ለዚህ ብረት ማስቀመጫ አብጅለት" አሉ። ቀጥለውም፣ "ጥቁሩን አምጣ።"

ያምጡ አላሉም። አምጣ ነው ያሉት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ከሠርጌ ቀን ጀምሮ ሽቅብ ይዤው የኖርኩት ትከሻዬ ወረደልኝ። ከዚያ በኋላ ቤዝመንት ስንሆን አንተ ነኝ። ላይ ቤት፣ ልጄና ባለቤቴ ባሉበት፣ አንቱ ነኝ። ተነጋግረን የወሰንነው አይደለም።

ባለቤቴ ሥራ ቦታ አሟት አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። በጋራዥ በኩል ስለገባች አልሰማናትም። ደረጃው መሃል ላይ ቆማ አየችን። እናቷ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባቸው ተኝተዋል። እኔ ከላይ ቆሜያለሁ። ክፋቱ ደግሞ በእጄ ሻይ ይዤ ነበር።

"እናቴን መሬት ላይ አስተኝተህ አንተ ሻይ ትጠጣለህ?"

ሻዩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

"የሰባ አንድ ዓመት ሴትዮ!"

"ሰባ ሦስት" አሉ አማቴ ከሥር።

"እማዬ፣ ውጪ አሁኑኑ!"

"ሁለት ሽቦ ቀርቶኛል።"

ባለቤቴ ትኩሳት ነበረባት፣ ዓይኗ ቀልቷል። ብርድ ቢመታትስ፣ ጉልበቷ ቢይዝስ፣ እሷንም አስታምሜ አንተንም አስታምሜ እዘልቀዋለሁ ወይ አለችኝ። ውሸቷን አልነበረም። ሥራችን ያን ቀን ቆመ። አማቴ ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው ክፍላቸው ገቡ። ከሁለት ሳምንት በላይ አንድም ሽቦ አልነካንም። እኔ ሶፋዬ ላይ፣ እሳቸው ታች። ረፋዱ ላይ ሻይ ሊያፈሉ አልወጡም። ማክሰኞ ሲደወል ሰባት አልኩ።

ነገሩን ያነሱት እሳቸው ናቸው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ከሥራ ገብታ፣ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ ወጥተው ፊቷ ቆሙ።

"እኔ እዚህ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ ምን የምሠራ ይመስልሻል?" አሏት።

"እማዬ፣ እንድታርፊ ብዬ እኮ ነው። ዕድሜሽን ሙሉ ሠርተሻል።"

"አርፌያለሁ። አራት ዓመት አረፍኩ። ዕረፍት ደከመኝ።"

ባለቤቴ አንድ እግር ጫማዋን እንደያዘች አየቻቸው። "እኔ ደግሞ ሥራ ደከመኝ" አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም። "እንደፈለጋችሁ አድርጉ። ብቻ ከሥርሽ ወፍራም ነገር አንጥፊ።" ከዚያ ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ አንድ እግሯ ጫማ እንዳደረገ፣ እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት። አማቴና እኔ ቆመን አየናት። ማናችንም ልንቀሰቅሳት አልደፈርንም።

የመጨረሻውን ሽቦ ያሰርነው ማርች ላይ ነው። ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ መጥቶ በረዶው ከጣሪያ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። አማቴ ከሥር ወጥተው፣ ጉልበታቸውን እያሹ፣ "በል ክፈተው" አሉኝ። ከፈትኩት። ባቡሩ በእኛ በኩል አለፈ፣ ወደዚያ ጫፍ ሄደ፣ ሁልጊዜ የሚቆምበት ቦታ ደረሰና ሳይቆም አለፈ። አምስቱም ፉርጎዎች ተከተሉት። ስድስት ሰባት ጊዜ ሲዞር አየነው። እልል ያለ የለም። ልጄ ድምፁን ሰምታ ወረደችና "ኦ ማይ ጋድ! እማማ ነው የሠራችው?" ብላ በስልኳ ቀረጸችው። ከዚያ ፈተና ስላለባት ወጣች።

"ይብቃው" አሉ አማቴ። "ሞተሩ ይሞቃል።"

ኤፕሪል ላይ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ቀላል ሥራ ነው የሰጡኝ፤ ኮምፒውተር ፊት ቆሜ የሚገቡና የሚወጡ ትሬለሮችን እመዘግባለሁ። ሕመሜ አሁንም ስድስት ነው፤ የሚጠይቀኝ ግን የለም። ማታ ስገባ ደረጃ መውረድ አያምረኝም። አማቴ ባቡሩን ብቻቸውን አይከፍቱትም። አንድ ቀን ለምን አልኳቸው።

"ብቻዬን ለማን ላዙረው?" አሉኝ።

ባቡሩ አጠገብ የጀመርነው የወረቀት ተራራ ሳያልቅ ቀርቷል። የሽቦ ወንፊት ላይ ጋዜጣ ለጥፈን ተውነው፤ ከመሃል ደግሞ ሰርጉዷል። እኔ አንድ ጣቢያ እንሥራለት ባይ ነኝ፤ እሳቸው ደግሞ ተራራው ሳያልቅ ምን ጣቢያ አለው ይላሉ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ እንቅልፍ ካልጣለኝ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል አብረን እንወርዳለን። ከሁለት እሑድ አንዱን እንቅልፍ ይጥለኛል።

ባለፈው እሑድ የመጨረሻው ፉርጎ መታጠፊያው ላይ ከሐዲዱ እየወጣ አስቸገረን። አራት ጊዜ መለስነው፣ አራት ጊዜ ወጣ። አማቴ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጎማውን አዩ፤ እኔም አየሁ። ምንም የጎደለው አይመስልም።

"ዛሬ ተወው" አሉ።

እሺ አልኩና ሶኬቱን ነቀልኩ። ደረጃውን ስንወጣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ነበርን። መሃል ላይ ስንደርስ ለጉልበታቸው ቆሙ፤ እኔም ለወገቤ ቆምኩ። ከላይ ባለቤቴ ምሳው መቀዝቀዙን ደጋግማ ትናገራለች። እየመጣን ነው አልናትና ትንሽ ቆየን።