የሕማማት ሽሮፕ

እጅጌዬ ጠረጴዛው ላይ ተጣበቀ። ባለፈው ሳምንት ነው፤ ግሽ አባይ ሰፈር አዲስ ከተከፈተ ዋፍል ቤት ከጓደኛዬ ጋር ተቀምጠን፣ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው ያንጠባጠበውን ሽሮፕ ሳላይ ክንዴን አሳረፍሁበት። ሳነሣው ቀስ ብሎ፣ እየተሳበ ተላቀቀ። ጓደኛዬ ሣቀ። እኔ ግን ልቤ ከዚያ ወጥቶ ነበር። ልጅ ሳለሁ የእህቴ ጣቶች ሁልጊዜ እንደዚያ ይጣበቁ ነበር።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። እህቴ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ጠዋት ጠዋት ለእንግዶች ፓንኬክ የምትጋግረውም፣ ሽሮፑን የምታፈላውም እሷ ነበረች። አንተ ሽሮፕ ስልህ በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ታስብ ይሆናል። የእሷ ሌላ ነው። ስኳሩን ያለ ውኃ በደረቅ ድስት ትጥደዋለች። ዳር ዳሩ መቅለጥ ሲጀምር ድስቱን ታወዛውዘዋለች እንጂ ማንኪያ አታስገባበትም። ቀይ ሻይ ሲመስል የፈላ ውኃ ትቸልስበታለች፤ ያን ጊዜ ድስቱ እንደ ተቆጣ ድመት ይጮሃል፣ ወጥ ቤቱም በእንፋሎት ይሞላል። ከዚያ ቀረፋ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ መጨረሻ ላይ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ሎሚ። ሎሚው ከቀረ ሽሮፑ ሲበርድ ተመልሶ ስኳር ይሆናል። አንድ ጊዜ ረስታው ድስቱን በመዶሻ ስንቀጠቅጥ ውለናል።

በዚያ ዓመት፣ ሁዳዴ እንደ ገባ፣ እናታችን ታመመች። አባታችን ከሞተ ቆይቶ ስለነበር ከሐኪሙ ጋር የተነጋገረችው እህቴ ናት። ወተትም፣ እንቁላልም፣ ያገኘችውን ሁሉ ትብላ አላት። እናቴ ግን ከሐይቁ ማዶ፣ ዘጌ ያለ ደብር መሪጌታ ልጅ ነበረች። የንስሐ አባታችን ራሳቸው መጥተው አልጋዋ አጠገብ ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ሕመምተኛ አይጾምም። ፈትቼሻለሁ፤ ብዪ።»

«እርስዎስ ፈቱኝ፣ አባ። ይኼ ጉሮሮ ግን የማን ልጅ እንደሆነ አልረሳ አለኝ።»

እሳቸውም ሣቁ። ሲወጡ ግን በሩ ላይ ቆመው መስቀላቸውን በነጠላቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ጠረጉት።

እህቴ የሆቴሏን ፓንኬክ የጾም አደረገችው። በእንቁላሉ ፈንታ ሙዝ ደፈጠጠች፣ በወተቱ ፈንታ ውኃ። የመጀመሪያው እንደ ጨርቅ ተኛ፣ ሁለተኛው ተቀደደ፣ ሦስተኛው ነፋ አለ። ከላይ ሽሮፑን ስታፈስበት ጎረቤታችን ደረሱ።

«ኧረ በስመ አብ! የመኪና ዘይት ነው እንዴ ያፈሰስሽበት?»

«ይቅመሱት እንጂ፣ እትዬ።»

«በስተርጅና ፈረንጅ ልታደርጊኝ!» አሉና ቆረሱ። አላምጠው ዋጡ። ከዚያ ሳህኑን መልሰው ዘረጉ፤ «ሞተሩ ገና አልተነሣም፤ ጨምሪበት።»

እናቴ ከአልጋዋ ሆና ሣቀች። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠብቃ ጣቷን ሽሮፑ ውስጥ ነከረችና ላሰች፤ ግማሽ ፓንኬክም በላች። በማግስቱ አንድ ሙሉ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ የመጋረጃው ጥላ አልጋዋ እግርጌ ሲደርስ «በይ፣ ያን ነገርሽን አምጪው» ትል ጀመር። እኔና እህቴ አንድ ሐሳብ ብቻ ነበረን፤ ለፋሲካ እናድርሳት። ፋሲካ ከደረሰች ወተቱም ሾርባውም አለ፣ ትድናለች እንል ነበር።

አሁን የእህቴ ልጆች ፓንኬክ ሲያምራቸው በሽሮፕ ፈንታ ማር ታደርግላቸዋለች። ለምን እንደሆነ አይጠይቋትም፣ እሷም አትነግራቸውም።

የሆሳዕና ዕለት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ካልሄድሁ አለች። በባጃጅ ወሰድናት። ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ዘንባባውን ጣቱ ላይ እያሰረ ሲወጣ፣ «ደክሞሻል፣ እንሂድ» አለቻት እህቴ።

«ትንሽ ልቁም» አለች።

በሕማማት ሳምንት ፍትሐት የለም። ስለዚህ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ ጸሎቱ በሆሳዕና አስቀድሞ ይደረሳል። እናቴ ትከሻዬን ይዛ፣ እስኪያልቅ ድረስ በእግሯ ቆመች። ክንዷ ቀሏል፤ የወፍ ያህል ነበር የሚከብደኝ። እኔ የምን ጸሎት እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እህቴ አውቃለች። በመመለሻው ባጃጅ ውስጥ ቤት እስክንገባ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ተቀመጠች።

ሰኞ ዕለት እናቴ ሳህኑን በእጇ ጀርባ ገፋችው።

«ጌታ ሐሞት በጠጣበት ሳምንት እኔ ስኳር ልልስ?»

«እማዬ፣ በእመቤቴ! አንድ ማንኪያ ብቻ!»

«አይሆንም አልሁሽ።»

እህቴ አለቀሰች። ሳህኑን እንደያዘች፣ እንባዋን መጥረጊያ እጅ አጥታ አለቀሰች። እናቴ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«በይ ድስቱን አምጪው እስቲ» አለች። «ማሽተት ጾም አይሽርም።»

እህቴ ድስቱን በጨርቅ ይዛ እየሮጠች አመጣችው። ደግፈን አስቀመጥናት። እንፋሎቱ ላይ ጎንበስ አለች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ግንባሯ ወዛ። «ሎሚው የአገሬ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ እህቴ ለሽታው ብቻ ታፈላው ጀመር። በሕማማት መሳሳም ስለሌለ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ እናቴን እንደ ወትሮው አትስማትም፤ የሚጣበቁ ጣቶቿን ወደ አፍንጫዋ ታስጠጋላታለች። እናቴም አሽትታ «ሂጂ፣ ሳይረፍድብሽ» ትላታለች። ከዚያ ያለፈ መሰነባበት አልነበራቸውም።

ሐሙስ ዕለት እህቴ ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታለች። ጎረቤታችን ጉልባን ቀቅለው ልከውልን ነበር፤ የነካው የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ኪርያላይሶን ይመጣል፣ ነፋሱ ወደ ሐይቁ ሲዞር ይርቃል። እኔ የእናቴን እጅ ይዤ ተቀምጫለሁ። ትንፋሿ እየራቀ ሄዷል። ከወጥ ቤት የተቸለሰው ውኃ ሲጮህ ሰማሁ፤ ሽታውም በመጋረጃው ሥር ገባ። እናቴ ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ ቀስ አድርጋም አወጣችው። ሌላውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ኪርያላይሶኑ ሄዶ ተመልሶ እስኪመጣ ጠበቅሁ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጌ ተነሣሁና ወደ ወጥ ቤት ሄድሁ።

እህቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድስቱን ታወዛውዛለች።

«ሽታው ደረሳት?» አለችኝ ሳትዞር።

«ደረሳት» አልሁ።

ፈገግ ስትል ጉንጯ ሲነሣ ከጎን አየሁት። ያ ፈገግታ ትንሽ ይቆይላት ብዬ፣ በሩ ላይ ዝም ብዬ ቆምሁ።